ቆሞ የቀረ ማስታወቂያ፦ አንዲት አፓርታማ ገዝቶ የማከራየት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ገዝቼ ላከራይ ወስኛለሁ። ገንዘቡ የስምንት ዓመት ቁጠባዬ ነው። ስለዚህ በወሬ አልገዛም። ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንስቶ ያየሁትን፣ የቆጠርኩትንና የከፈልኩትን እዚህ እጽፋለሁ። የተሳሳትኩትን በኋላ ተመልሼ አላርምም፤ እንዳለ ይቀመጣል።

የገንዘቡን ዓይነት ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ በቁም ነገር ያየኋትን አፓርታማ ዋጋ 1000 አድርጌ ሌላውን ሁሉ በእሱ ልክ እጽፋለሁ። የወር ኪራይ 7 ካልኩ የዚያች ቤት ዋጋ ከሺህ ሰባት እጅ ማለት ነው። ማንም ሰው የራሱን አገር ገንዘብ ተክቶ ሊያሰላው ይችላል።

ሳምንት 1

ቤት ለማየት አልሄድኩም። ኤክሴል ከፍቼ ተቀመጥኩ።

የመረጥኩት አንድ ሰፈር ነው፤ በእግር ከጫፍ ጫፍ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እዚያ ለኪራይ የወጡ ባለ ሁለት መኝታ ቤቶችን ሁሉ መመዝገብ ጀመርኩ። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ የወጣበት ቀን፣ የተጠየቀው ኪራይ፣ ስፋት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ዋጋው ተቀንሶ እንደሆነ፣ ማስታወቂያው የተነሳበት ቀን። የመጨረሻው ዓምድ ለጊዜው ባዶ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈልገው እሱን ነው። ቤት ስንት ይጠየቅበታል የሚለውን ደላላ ሁሉ ይነግረኛል። በስንት ቀን ይያዛል የሚለውን ግን ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሰው አላገኘሁም።

ሳምንት 2

ማታ ማታ አነባለሁ። ሁለት ነገር አስገርሞኛል።

አንደኛው የአምስተርዳሙ ሄረንግራኽት ነው። በዚያ ቦይ ዳር ያሉ ቤቶች የተሸጡበት ዋጋ ከ1628 ጀምሮ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ፒት አይክሆልትዝ የሚባል ተመራማሪ እስከ 1973 ድረስ ያለውን አሰላው። የዋጋ ንረቱ ሲቀነስ የቤቶቹ ዋጋ በ345 ዓመት ውስጥ ያደገው ወደ እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ዘመን፣ እጥፍ ብቻ! በመሃል ደግሞ ሽቅብ የወጣባቸውና ቁልቁል የወረደባቸው ብዙ አሥርት ዓመታት አሉ።

ሁለተኛው ኦስካር ዮርዳና ባልደረቦቹ በ2019 ያሳተሙት ጥናት ነው። የ16 ያደጉ አገሮችን ታሪክ ከ1870 እስከ 2015 ተከታትለዋል። የመኖሪያ ቤት ንረቱ ተቀንሶ በዓመት በአማካይ 7 ከመቶ አካባቢ እንዳስገኘ ይናገራሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መጀመሪያ ግራ ገባኝ። አንዱ ቤት እምብዛም አያድግም ይላል፣ ሌላው ጥሩ ያተርፋል ይላል። መልሱ ኪራዩ ውስጥ ነው። የሄረንግራኽቱ ቁጥር የቤቱን ዋጋ ብቻ ነው የሚያሳየው። በሁለተኛው ጥናት ከተገኘው ትርፍ ከግማሽ በላይ የሆነው በየወሩ የገባው ኪራይ ነው።

ይህ አቋሜን ቀየረው። «ነገ ዋጋው ይጨምራል» ብዬ አልገዛም። ቤቷ በዛሬው ኪራይ ራሷን ካልቻለች እተዋታለሁ።

ሳምንት 4

የመጀመሪያዋን ቤት አየኋት። አዲስ ሕንፃ ላይ ሰባተኛ ፎቅ፤ ሊፍት አለው፣ መግቢያው በእብነ በረድ ያብለጨልጫል። ዋጋዋ 1000 ነው። ሻጩ ወረቀት ዘረጋልኝ፦ ኪራይ በወር 7.5፣ በዓመት 90፣ «ዘጠኝ ከመቶ ታስገባለች» አለኝ። ስሌቱ ትክክል ነው። የጎደለው ሌላው ግማሽ ነው።

ቤት ገብቼ እንደገና ሠራሁት። እስካሁን ከመዘገብኳቸው ውስጥ በእርግጥ የተያዙት ከ6.9 አይበልጡም። ስለዚህ በዓመት 82.8። ሰፈሩ ውስጥ አዳዲስ ቤት ቶሎ ቶሎ ይለቀቃል፤ በዓመት አንድ ወር ባዶ ይሆናል ብዬ 6.9 ቀነስኩ። 75.9 ቀረ። ከዚያ ወጪው፦ ለሊፍት፣ ለጥበቃና ለጽዳት የሚከፈለው የጋራ ወጪ 9፣ ጥገና የቤቱ ዋጋ 1 ከመቶ ማለትም 10፣ ኢንሹራንስ 2፣ ግብር 5፣ ለማስተዳደሪያ 6። ድምሩ 32። የተጣራው 43.9 ነው።

የምከፍለውም 1000 ብቻ አይደለም። ለስም ማዛወሪያና ለውል 60፣ ለጥቃቅን ሥራ 15፤ ጠቅላላ 1075። 43.9ን ለ1075 ሳካፍል 4.1 ከመቶ ወጣ። ዘጠኙ ከመቶ ከግማሽ በታች ወረደ።

ለማስተዳደሪያ የያዝኩት 6 እኔው ራሴ ብሠራውም ወጪ ነው። ጊዜዬ ነው፣ ቅዳሜዬ ነው። እሱን ዜሮ አድርጎ የሚያሰላ ሰው ለራሱ በነፃ ተቀጥሮ ያንን ትርፍ ብሎ ይጽፈዋል።

ባንኩ የሚጠይቀኝ ወለድ 6.5 ከመቶ ነው። 4.1 የሚያስገባ ነገር በ6.5 ተበድሬ ብገዛ፣ የተበደርኩት በጨመረ ቁጥር ኪሳራዬም ይጨምራል። ሻጩ ደጋግሞ ሲደውል «አልተመቸኝም» ብዬ ዘጋሁት።

ሳምንት 5

ክሬን ቆጠርኩ። ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር ሄጄ ያልተጠናቀቁ የመኖሪያ ሕንፃዎችን በካርታ ላይ ምልክት አደረግሁ። አራት ናቸው። አንዱ መስኮቱ ገብቷል፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ለገበያ ይቀርባል። የፎቁንና በየፎቁ ያለውን በር ብዛት አባዝቼ 120 ገደማ ቤት ይሆናል አልኩ።

ይህን የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ላይ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ መጋቢት 2022 ከዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ እየጨመረ ሐምሌ 2023 ላይ ከ5.25 እስከ 5.50 ከመቶ አደረሰው። ገንዘብ ርካሽ በነበረበት ጊዜ የተጀመሩት አፓርታማዎች ግን መሠረታቸው ተቆፍሯል፤ አይመለሱም። ተጠናቀው ሲወጡ በ2024 ለገበያ የቀረበው አፓርታማ ብዛት ከ1970ዎቹ ወዲህ ያልታየ ሆነ። ኦስቲን ከተማን ውሰዱ። ሕዝቡ እየጨመረ ኪራዩ ግን ወረደ። ሰው መጥቷል፤ ቤቱ ከሰው ቀድሞ መጣ።

ሕንፃ ከቁፋሮ እስከ ቁልፍ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ዛሬ የቆመ ክሬን የነገ ተፎካካሪዬ ነው። ኪራይ ሲንር አልሚው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆፍራል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። ዋጋው የሚወርደውም ያኔ ነው።

ሳምንት 7

የተለየ ነገር የለም። መዝገቡ ቀጥሏል።

ሳምንት 8

ሁለተኛዋን ቤት አገኘሁ። አራት ፎቅ ያለው አሮጌ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። የተጠየቀው 840 ነው። ክፍሎቹ ከአዲሱ ይሰፋሉ፤ ፀሐይ እስከ ኮሪደሩ ይገባል። መታጠቢያ ቤቱን የሚያዋስነው የመኝታ ቤት ግድግዳ ግን ከታች ቀለሙ ተነፋፍቷል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ልስኑ እንደ ዱቄት ፈሰሰ።

ባለቤቱ «መስኮት ስለማይከፈት ነው፤ ላቦት ነው» አሉኝ። ይሆናል። ግን ላቦትና ውሃ ዋጋቸው አይገናኝም። ላቦት ከሆነ መስኮት መክፈት ነው፤ ውሃ ከሆነ መቆፈር ነው።

ሳምንት 9

አንድ የድሮ ቧንቧ ሠራተኛ ያስተማረኝን ዘዴ ተጠቀምኩ። ባለቤቱን አስፈቅጄ የክንድ ያህል ስፋት ያለው ላስቲክ በተነፋፋው ግድግዳ ላይ ዘረጋሁ። አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር አጥብቄ ለጠፍኩትና ሁለት ቀን ተውኩት። ጠብታ ከላስቲኩ በላይ፣ በክፍሉ በኩል ከተቀመጠ እርጥበቱ ከክፍሉ አየር ነው። ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል።

ስመለስ ላስቲኩ ከላይ ደረቅ ነው። ከሥሩ ግን ጉም መስሏል፤ ከታች በኩል ጠብታው ተጠራቅሞ ይወርዳል። ላቦት አይደለም።

ቀጥሎ ውሃው ከየት ይመጣል? ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪው ፊት ቁጭ አልኩ። ቆጣሪው ላይ ትንሽ ውሃ እንኳ ቢያልፍ የምትዞር ቀይ ኮከብ የምትመስል ነገር አለች። ቦታዋን በእስክርቢቶ ምልክት አድርጌ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ውሃ ከሚያመጣው ቧንቧ አይደለም።

የቀረው ውሃ የሚወስደው ነው። የሻወሩን የወለል ማፍሰሻ በጨርቅና በላስቲክ ደፈንኩ። ወለሉ ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ሞላሁና ከፍታውን ሴራሚኩ ላይ በእርሳስ አሰመርኩ። በማግስቱ ውሃው ከመስመሩ የጣት ውፍረት ያህል ወርዷል። ሻወሩ ሥር ያለው የውሃ መከላከያ አልቋል ማለት ነው። ሴራሚኩን በቁልፍ ጫፍ ነካ ነካ ሳደርገው መሃሉ ላይ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ጠርዙ ላይ ደንደን ያለ ድምፅ ነው።

ይህን ሁሉ ፎቶ አንስቼ ባለቤቱን አሳየኋቸው። አልተከራከሩም። 840 ያሉት 780 ሆነ። የላስቲኩና የፕላስተሩ ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የወረደልኝ ግን 60 ነው።

ሳምንት 10

መዝገቡን ዘጋሁ። በአሥር ሳምንት 46 ማስታወቂያ መዝግቤያለሁ። ሰባቱ ድግግሞሽ ናቸው፤ አንዱን ቤት ሁለት ሦስት ደላላ በተለያየ ዋጋ ያወጣዋል። 39 ቤት ቀረ።

16ቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተነሱ። 12ቱ ዋጋቸውን ቀንሰው ቆይተው ተነሱ። 11ዱ አሁንም አሉ። ቶሎ ከተነሱት 16 ቤቶች መካከለኛው የተጠየቀ ኪራይ 6.9 ነው። ቆመው ከቀሩት 11 ቤቶች መካከለኛው 8.1 ነው።

ይህን ሳይ ትንሽ ቆም አልኩ። ዛሬ አንድ ሰው ገበያውን ላጥና ብሎ ስልኩን ቢከፍት ፊቱ የሚመጡት እነዚያ 11ዱ ናቸው። በልክ ዋጋ የወጡት ቤቶች ተይዘው ሄደዋል፤ አይታዩም። ተሰልፈው የሚጠብቁት ተከራይ እምቢ ያላቸው ናቸው። «የሰፈሩ ኪራይ 8 ገብቷል» የሚባለው ወሬ ከዚህ ነው የሚወለደው። አከራዩ እነሱን አይቶ ዋጋ ይሰቅላል፤ ገዢው እነሱን አይቶ ትርፉን ያሰላል። የመጀመሪያዋ ቤት ሻጭ ያሳየኝ 7.5ም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል።

በመንግሥት ደረጃ የሚሰበሰበው ቁጥርም የራሱ መዘግየት አለው። አሜሪካ ውስጥ በ2022 የወጣ ጥናት አዲስ ተከራዮች የሚዋዋሉበትን ኪራይ ነባሮቹ ጭምር ከሚከፍሉት ጋር አነጻጽሮ ነበር። የአዲሶቹ ኪራይ ከይፋዊው የኪራይ መለኪያ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነባር ተከራይ ውሉ እስኪያልቅ በድሮው ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ በዜና «ኪራይ ጨመረ» ሲባል ገበያው ከወራት በፊት ተረጋግቶ ሊሆን ይችላል።

ሳምንት 11

የሁለተኛዋን ቤት ሒሳብ ሠራሁ። ግዢ 780፣ ስም ማዛወሪያና ውል 47፣ እድሳት 30 ብዬ ገመትኩ። ጠቅላላ 857።

ኪራይ 7 ያዝኩ። ክፍሎቹ ሰፊ ስለሆኑ ከ6.9 ትንሽ ከፍ አደረግሁት። በዓመት 84። እዚያ ሕንፃ ላይ ሰዎች ረጅም ጊዜ ይኖራሉ፤ ደረጃው ላይ ያገኘኋቸው ሦስት ተከራዮች ሁሉም ከአራት ዓመት በላይ ቆይተዋል። ስለዚህ በዓመት ግማሽ ወር ባዶ ብዬ 3.5 ቀነስኩ። 80.5። የጋራ ወጪ 4 ብቻ ነው፤ ሊፍት የለማ። ጥገናውን ግን ወደ 12 ከፍ አደረግሁት፤ አሮጌ ሕንፃ ነው። ኢንሹራንስ 2፣ ግብር 4፣ ማስተዳደሪያ 6። ድምር 28። የተጣራ 52.5። ለ857 ሲካፈል 6.1 ከመቶ።

ከአዲሱ ሕንፃ በሁለት ነጥብ ይበልጣል። እብነ በረድ የለውም፤ ግን እብነ በረዱን የሚከፍለው አከራዩ ነው።

አሁንም ከባንኩ ወለድ በታች ነው። ስለዚህ ብዙ መበደር የለብኝም። 600 ብበደር በ15 ዓመት የሚከፈል ሆኖ በዓመት 62.7 እከፍላለሁ። ቤቷ የምታስገባው 52.5 ነው። በየዓመቱ ከኪሴ አሥር እጨምርበታለሁ። 300 ብበደር ግን ዓመታዊ ክፍያው 31.4 ነው፤ ቤቷ የምታስገባው የክፍያው 1.67 እጥፍ ይሆናል። ብዙ አበዳሪዎች ቢያንስ 1.20 ወይም 1.25 እንዲሆን ይፈልጋሉ። እኔ ከዚያ ሰፋ ያለ መተንፈሻ ፈልጌያለሁ። ሁለት ወር ባዶ ብትሆን፣ የውሃ ማሞቂያው ቢበላሽ፣ ያኔም ክፍያው እንዳይቆም።

300 ለመበደር ወሰንኩ።

ሳምንት 13

ውል ተፈረመ። ቁልፍ ተረከብኩ። ያን ቀን ማታ ባዶዋ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። የስምንት ዓመት ገንዘብ ግድግዳ ሆኖ ሲታይ ሌላ ስሜት አለው።

ሳምንት 14

የሻወሩ ሴራሚክ ተነሳ። ሥሩ ያለው አሸዋ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ይሸታል። መከላከያ ቅቡ ማዕዘኖቹ ላይ ተሰንጥቋል። ይህን ጠብቄዋለሁ።

ያልጠበቅኩት ማፍሰሻው ከዋናው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። በተለያየ መጠን ያላቸው ሁለት ቱቦዎች በሲሚንቶ ብቻ ተያይዘዋል። ሠራተኛው ጣቱን አስገብቶ አሳየኝ፤ ጣቱ ወዲያ ማዶ ወጣ። «ወንድሜ፣ ይሄን ዘግተን ብንሄድ ከዓመት በኋላ መልሰህ ትጠራኛለህ» አለኝ። ትክክል ነው። ቱቦው እስከ ዋናው መውረጃ ይቀየር አልኩ።

30 የገመትኩት እድሳት 48 ሊሆን ነው። ጠቅላላው 875፣ ትርፉ ከ6.1 ወደ 6.0 ወረደ። በመቶኛ ሲታይ ትንሽ ነው። በእጅ ላለ ጥሬ ገንዘብ ግን ትልቅ ነው። 18 ከየት እንደሚመጣ ለማሰብ ሁለት ሌሊት ወስዶብኛል። ለሚቀጥለው ሰው አንድ ነገር ልንገር፦ አሮጌ ቤት ስትገዙ ሠራተኛው የነገራችሁ ላይ ግማሹን ጨምራችሁ ጥሬውን ያዙ።

ሳምንት 17

አዲሱ መከላከያ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ደረቀ። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ማፍሰሻው ተደፍኖ ወለሉ በውሃ ተሞላ። 24 ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ሠራተኛው «አያስፈልግም፣ ጥሩ ተሠርቷል» ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የእርሳሱ መስመርና ውሃው እኩል ናቸው። ከታች ያሉትን ጎረቤት ጣሪያቸውን እንዲያዩልኝ ጠየቅኳቸው። ደረቅ ነው አሉኝ።

ሳምንት 19

ኩሽናውን ልቀይር ወይስ ልተው? አዲስ ካቢኔ 20 ይፈጃል። ደላላው «በወር 0.2 ያስጨምርልሃል» አለኝ። በዓመት 2.4 ነው፤ ለ20 ወጪ 12 ከመቶ ማለት ነው። መጥፎ አይደለም። ግን ካቢኔው እስኪሠራ ቤቷ ተጨማሪ አንድ ወር ባዶ ትሆናለች፤ 7 ሄደ። ያ ባዶ ወር ብቻውን የሦስት ዓመት ጭማሪውን ይበላል። የነበረውን በር አራግፈን ቀባነው፤ ማጠፊያውንና እጀታውን ቀየርን። 2 ወጣ።

ሳምንት 22

ማስታወቂያ አወጣሁ። 7.2 አልኩ። ራሴ ያየሁትን መዝገብ ረስቼ ሳይሆን፣ አዲስ መታጠቢያ ቤት አለኝ ብዬ ነው። በስምንት ቀን ሁለት ሰው ደወለ። አንድም ሰው ሊያይ አልመጣም።

በዘጠነኛው ቀን 7.0 አደረግሁት። በአራት ቀን አምስት ሰው አየው።

አንዱ 7.3 ልክፈል አለ፤ ለስድስት ወር ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዲት ነርስ ከእናቷ ጋር መጣች። የሌሊት ተረኛ ናት። እናትየው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «ልጄ፣ ቀን ላይ ከላይ ኮቴ ይሰማል ወይ? እሷ የምትተኛው ቀን ነው» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፦ «ኮሪደሩ ላይ ይሰማል እናቴ፤ የውስጠኛው መኝታ ቤት ግን ጸጥ ያለ ነው።» ገብተው በሩን ዘግተው ቆሙ። ከዚያ ነርሷ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንደምትቆይ ነግራኝ 7.0 ተስማማን።

ከሰውየው ጋር ብዋዋል በስድስት ወር 1.8 ብልጫ አገኝ ነበር። ከዚያ እንደገና ማስታወቂያ፣ እንደገና ቀለም፣ ምናልባት አንድ ወር ባዶ። 1.8ን በ7 የሚለውጥ ሰው የለም።

ሳምንት 24

ውሉን ጊዜ ወስደን ጻፍነው። የቆጣሪ ንባብ፣ የእያንዳንዱ ግድግዳ ፎቶ፣ ማን ምን ይጠግናል፣ ለመልቀቅ ስንት ጊዜ አስቀድሞ ይነገራል፣ ማስያዣው በስንት ቀን ይመለሳል። ጭማሪን የሚመለከተውን አንቀጽ ከሥራ ላይ ካለው ሕግ ጋር አመሳከርኩት። ሕግ በውል መሃልም ይለወጣል። በርሊን ከተማ በየካቲት 2020 የኪራይ ጣሪያ አወጀች፤ ኪራይ ወረደ፣ ለኪራይ የሚወጣው ቤትም ቀነሰ። ሚያዝያ 2021 ላይ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከተማዋ ይህን የማውጣት ሥልጣን የላትም ብሎ ሻረው። ብዙ ተከራዮች ልዩነቱን መልሰው እንዲከፍሉ ተጠየቁ። ተከራይም አከራይም ያልገመቱት ዕዳ ነበር። ስለዚህ የእኔን ሒሳብ የሠራሁት ኪራዩ ለሦስት ዓመት ባይጨምርም እንዲቆም አድርጌ ነው።

ሳምንት 38

የማብሰያ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ። ነርሷ ጠዋት ደወለች፤ ማታ ላስቲኩን ቀየርኩት። አሥር ደቂቃ ፈጀ። ተከራይ ሲደውል ቶሎ መሄድ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

ሳምንት 57

በካርታዬ ላይ ምልክት ያደረግሁበት ባለ መስኮቱ ሕንፃ ተከፈተ። ማስታወቂያው ትልቅ ነው፦ ባለ ሁለት መኝታ 7.8። ሰፈሩ ውስጥ ወዲያው «ኪራይ ጨመረ» የሚል ወሬ ተነዛ። ሄጄ ጠየቅኩ። ለዓመት ለሚዋዋል ሰው ሁለት ወር ነፃ ነው። 7.8ን በአሥር ወር አባዝቼ ለአሥራ ሁለት አካፈልኩት። 6.5 መጣ። በወረቀት ላይ ከእኔ ይበልጣል፤ ተከራዩ ከኪሱ የሚያወጣው ግን ከእኔ ያንሳል።

አልሚው ዋጋውን ለምን በቀጥታ 6.5 አይለውም ብዬ አስቤ ነበር። ሕንፃው የሚገመተውና ባንኩ የሚያየው በውሉ ላይ በተጻፈው የወር ኪራይ ነው። ስለዚህ ወሩን በነፃ ይሰጣል፤ ቁጥሩን አይነካም። ገበያው መውረድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው። ዋጋው ሳይሆን ስጦታው ይቀየራል።

ኤክሴሉን እንደገና ከፍቼ መመዝገብ ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቤቶች ለመያዝ የሚወስዱት ጊዜ ካለፈው በግልጽ ረዝሟል።

ሳምንት 62

ነርሷን አነጋገርኳት። በውሉ መሠረት ጭማሪ መጠየቅ እችላለሁ። አልጠየቅኩም። አዲሱ ሕንፃ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ 6.5 እንደሆነም ታውቃለች፤ ራሷ ነገረችኝ። ለምን እንዳልሄደች ስጠይቃት «እናቴ እዚህ ትተኛለች፤ እኔም እተኛለሁ» አለች። ለሚቀጥለው ዓመትም በ7.0 ተፈራረምን።

ሳምንት 65

ከግዢው አንድ ዓመት ሞላ። እውነተኛው ሒሳብ ይኸው።

ቤቷ የተከራየችው 9.5 ወር ነው። የገባው 66.5። የጋራ ወጪ 4፣ ጥገና 5፣ ኢንሹራንስ 2፣ ግብር 4፣ ለማስተዳደሪያ የያዝኩት 6። ድምር 21። የተጣራ 45.5፤ ለ875 ሲካፈል 5.2 ከመቶ። ለባንክ 31.4 ከፍዬ 14.1 ቀርቶኛል። ጥገናው ከ12 ወደ 5 የወረደው ሁሉ ነገር ገና አዲስ ስለሆነ ነው። የተረፈችውን 7 ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ፤ የውሃ ማሞቂያው ዕድሜ ሄዷል።

በእቅዴ 6.0 ነበር ያልኩት። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል እድሳቱ የወሰደው ጊዜ ነው። በ7.2 የጠበቅኳቸው ስምንት ቀናትም አሉበት። እነሱን ለብቻ ቆጥሬያቸዋለሁ፦ 1.9። በወር 0.2 ለመጨመር ብዬ ያጣሁት የአሥር ወር ጭማሪ ነው።

ዛሬ እነ ነርሷን ቀጠሮ ይዤ ሄጄ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ያንኑ የመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ላስቲክ ለጥፌ ነው የሄድኩት። እናትየው አልጋውን ሳብ አደረጉልኝና አጠገቤ ቆሙ። ፕላስተሩን ቀስ ብዬ ላጥኩት። ከላይ ደረቅ ነው። ከሥሩ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ግድግዳውም ላስቲኩም ደረቅ ነው። ቀኑን በእርሳስ ግድግዳው ጥግ ላይ ጻፍኩ፤ ከስድስት ወር በኋላ እደግመዋለሁ።